አፈሙዙ ወደ ታች

አቶ ተስፋዓለም በገዛ ጠመንጃቸው ተመትተው ማሽላ ማሳ ዳር ሞተው ተገኙ። ጠመንጃው ግን አጠገባቸው አልነበረም። ቤታቸው፣ የተቆለፈ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ተወልውሎና ዘይት ተቀብቶ በቦታው ተሰቅሏል። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ደግሞ ሟቹ አንገት ላይ እንደታሰረ ተገኘ።

የጭሮ ከተማ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ፖሊስ አትጠብቅም። ረፋዱ ሳይጋመስ ጫት ተራው ፈርዶ ጨረሰ፤ ባጃጆቹም ፍርዱን ለየሰፈሩ አደረሱ። ገዳዩ የእህታቸው ልጅ ቢራቱ ነው ተባለ። ሁለተኛው ቁልፍ እሱ ዘንድ ነው፤ ባለፈው ሳምንት በዚያው ጠመንጃ ምክንያት ከአጎቱ ጋር ሲጣሉ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። የፖሊስ አለቃውም ከጫት ተራው ብዙ አልራቁም። ለኢንስፔክተር ሙከሚል ስልክ ደውለው፣ «ልጁን ያዝና ቃሉን ተቀበል፤ ነገ ወደ ዞን ማረፊያ ይተላለፋል» አሉት።

ሙከሚል የገለምሶ ልጅ ነው። ቸኩሎ የሚመልስ ሰው ያጠራጥረዋል፣ ቸኩሎ የሚፈርድ ከተማ ደግሞ ያስፈራዋል። ቢራቱን አስያዘውና ራሱ ወደ ማሳው ወረደ።

ማሳው ከከተማው ጫፍ፣ ወደ ሚኤሶ ከሚወስደው መንገድ በታች ነው። ማሽላው አፍርቶ ራሱን ደፍቷል። በዚህ ወቅት ከርከሮ ከደረቁ ወንዝ እየወጣ የሰውን የዓመት ልፋት በአንድ ምሽት ድምጥማጡን ያጠፋል። አቶ ተስፋዓለም የሚፈለጉት ለዚህ ነበር። በጉልምስናቸው ዘመን የውጭ አገር አዳኞችን ተራራ ለተራራ እየመሩ ኖረዋል። አንዱ አዳኝ ወደ አገሩ ሲመለስ አሮጌ ጠመንጃውን ሸጠላቸው፤ በፈቃድ የያዙት፣ ሁለት አፈሙዝ ጎን ለጎን የተገጠመለት፣ ከወገቡ ታጥፎ የሚከፈት ጠመንጃ ነው። ሁለት ጥይት ይጎርሳል፤ ለእያንዳንዱ የየራሱ ምላጭ አለው። በጭሮ ዙሪያ ሌላ እንደሱ ስለሌለ፣ ያንን የሚያህል ቁስል ምን እንዳደረሰው ለማወቅ ባለሙያ አላስፈለገም።

ሬሳው በጀርባው ተዘርግቷል። የተመቱት ሆዳቸው ላይ ነው። ከራሳቸው ሥር የገዛ ኮታቸው ተጣጥፎ ተደርጓል።

«ገዳይ ትራስ ያነጥፋል?» አለች ሳጅን ዓይናዲስ። ከአዳማ ተዛውራ ከመጣች ገና ዓመት አልሞላትም።

ሙከሚል ወደ ሟቹ አንገት ቀረበ። ጎንበስ ብሎ ቁልፉ የታሰረበትን ክር ያይ ነበር። ክሩ በወዝ ጠቁሯል፤ ከአዲሱ ቋጠሮ ጎን ግን አሮጌው ቋጠሮ የነበረበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። «ይህ ክር ተፈትቶ ነበር» አለ። «አንድ ሰው ቁልፉን ወስዷል። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ አንገታቸው ላይ አስሮላቸዋል።»

ዓይናዲስ ዙሪያዋን ቃኘች። ቀን ነው፣ ፀሐይ ወጥቷል፣ ሰውም ከመንገዱ ላይ ተሰብስቧል። እሷን ግን ብርድ ብርድ አላት። ሰው ገድሎ፣ ጠመንጃውን አግብቶ፣ ወልውሎ፣ ከዚያ በጨለማ ወደ ሬሳ የሚመለስ ምን ዓይነት ሰው ነው?

ከሬሳው ፈንጠር ብሎ አንድ ትልቅ ከርከሮ ወድቋል፤ ግንባሩን ተመትቶ ባለበት ነው የቀረው። ሙከሚል ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ጫማውንና የሱሪውን ጫፍ የከርከሮው ደም ነካቸው። ፊቱ ጨፍገግ አለ። ነገር ሁሉ ትቶ ወደ ውኃ ቦኖው ሄደ፤ አፈር በውኃ በጥብጦ አሸው፣ ከዚያ ደጋግሞ አለቀለቀው። ዓይናዲስ ቆማ ጠበቀችው።

«ይህን ያህል?» አለችው።

«እኛ ዘንድ ይህ የነካው ነገር ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው። ያለዚያ አልሰግድበትም።»

«ካልቸኮሉ ነው እንጂ።»

«ቢቸኩሉም» አላት።

መንገዱ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሳብሪና ተኩሱን ሰምታለች። «ሊመሽ ሲል፣ ከመግሪብ አዛን በፊት ነው። አንድ ጮኸ። ‹ከርከሮው ወደቀ በቃ› ተባባልን። ሻይ ቀድቼ፣ ስኳር ጨምሬ፣ ሰውየው ሊጠጣ ሲል ሁለተኛው ጮኸ» አለች።

«ተከታትለው አይደለም?»

«አይደለም፣ ወላሂ። ሰውየው እንዲያውም ሻዩን ደፋው።»

ከሆስፒታል የደወለው ሐኪም የነገራቸው ደግሞ የባሰ ነበር። አቶ ተስፋዓለም እንደተመቱ አልሞቱም። ደማቸው ቀስ እያለ ነው ያለቀው። «ሰው ቶሎ ቢያደርሳቸው ኖሮ...» ብሎ ሐኪሙ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው።

ቢራቱ ጣቢያ ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ እጁን እያሻሸ ጠበቃቸው። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ዘይት አይለቅም። ያንን ዘይት ከጠመንጃ ዘይት ጋር ያገናኘ ብልጥ ፖሊስ ቀድሞውኑ ለአለቃው ተናግሯል።

«ማታ የት ነበርክ?» አለው ሙከሚል።

«ቤት። ባጃጄን በር ላይ አቁሜ፣ ክፍሌ ገብቼ ኳስ በሬዲዮ እሰማ ነበር።»

«ማን አየህ?»

«ማንም። የጋሼ ባለቤት እትዬ ሣህሊቱ ለቅሶ ቤት ነበሩ። ግን ጋሼ መጥቶ ነበር።»

ዓይናዲስ ቀና አለች። «መቼ?»

«ከመግሪብ አዛን በኋላ። ዕቃ ቤቱ ሲከፈት ሰማሁ። ከዚያ የመወልወያውን ዘንግ ሰማሁት። እዚያ ቤት ነው ያደግኩት፤ ጨርቅ ያለበት ዘንግ አፈሙዝ ውስጥ ሲመላለስ ድምፁን በደንብ አውቀዋለሁ። ወልውሎ ጨረሰ፣ ቆለፈ፣ ተመልሶ ወጣ። ታዲያ ጠመንጃው ቤት ተቆልፎበት ጋሼ በምን ተመታ... እኔ አልገባኝም።»

«ወጥተህ አላናገርካቸውም?»

ቢራቱ አንገቱን ደፋ። «ተኳርፈን ነበር።»

ከክፍሉ ሲወጡ ዓይናዲስ ራሷን ነቀነቀች። «ከአዛን በፊት የተመታ ሰው ከአዛን በኋላ ጠመንጃ አይወለውልም። ወይ ይዋሻል፣ ወይ...»

«ወይ የሰማው ሌላ ሰው ነው» አለ ሙከሚል።

አለቃው ግን ይዋሻል የሚለውን መርጠው ማዛወሪያውን ፈረሙ። ጠዋት መኪና ይመጣል። ቢራቱ አንዴ በነፍስ ግድያ ተጠርጥሮ ወደ ዞን ከሄደ፣ እውነቱ ቢገኝ እንኳ እሱን ለማስወጣት ስንት ወር እንደሚፈጅ ሙከሚል ያውቃል።

ወይዘሮ ሣህሊቱ ጥቁር ነጠላ ለብሰው፣ ሙከሚል ባመጣው ቁልፍ ዕቃ ቤቱን ከፈቱላቸው። ጠባብ፣ ንጹሕ፣ ዘይት ዘይት የሚሸት ክፍል ነው። ጠመንጃው አፈሙዙ ወደ ታች፣ ሰደፉ ወደ ላይ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከአፈሙዙ ሥር ወለሉ ላይ የታጠፈ ጨርቅ አለ፤ ጨርቁ ላይ ጥቂት የዘይት ጠብታ ወርዷል።

«ተዘቅዝቆ ነው የሚሰቀለው?» አለ ሙከሚል።

«ሁልጊዜ። ዘይት ቀብተህ ቀጥ አድርገህ ካቆምከው ዘይቱ ወደ ሰደፉ ይወርዳል፤ እንጨቱን ያበሰብሰዋል ይል ነበር። አሮጌ ስለሆነ ብረቱ እንጂ እንጨቱ አይተካም ይላል። እኔን ከዚህ ጠመንጃ እኩል ተንከባክቦኝ ቢሆን...» ብለው ተዉት። አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

«ከቢራቱ ጋር የተጣሉበትስ ምንድነው?»

«እሱው ነዋ። ቢራቱ ላግዝህ ብሎ ዘይት ቀብቶ በሰደፉ አቆመው። ሲያድር ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ገባ። ‹ከዚህ ቤት ውጣልኝ› ያለው በዚህ ነው። ልጄ፣ ያ ልጅ ጠመንጃ መወልወል አያውቅም።»

ሙከሚልና ዓይናዲስ ተያዩ። ሰፈሩ የሰማው ጠብ ቢራቱን ያሳሰረ ነው፤ አሁን ደግሞ ነጻ ሊያወጣው ነው። ጠመንጃውን እንዲህ አድርጎ የሰቀለ ሰው አቶ ተስፋዓለም ሲሰቅሉ አጠገባቸው ቆሞ ያየ ነው።

«ሌላ ማን ነው እዚህ የሚገባ?»

«ማንም» አሉ ወይዘሮ ሣህሊቱ። ቸኩለው ነበር የመለሱት።

ሲወጡ ሙከሚልን ግቢው ውስጥ የተወጠረ ሽቦ ጨረፈው። ከቤቱ በር ተነስቶ በዕቃ ቤቱ በኩል እስከ ሽንት ቤቱ ይደርሳል። ቁመቱ ከወገብ አይበልጥም።

«የልብስ ማስጫ ነው» አሉ ሴትዮዋ ሳይጠየቁ።

ኦቦ ሙሜ ባለማሳው ናቸው፤ ለአቶ ተስፋዓለም የቅርብ ወዳጅ። ጢማቸው የሸበተ፣ ሰፈሩ ሲጣላ ለሽምግልና የሚጠራቸው ሰው ናቸው። እንግዶቹን ቅንጭብ አጥራቸው ሥር አስቀመጧቸው። አጥሩ ላይ አንድ ነጭ ጀለቢያ ተሰጥቷል፤ ደረቱና እጅጌው ላይ የታጠበ ቡናማ እድፍ ይታያል።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ሙሜ» አለ ሙከሚል።

«አልሃምዱሊላህ። ምን ደህንነት አለ ብለህ ነው፣ ልጄ።»

«ማታ ማሳ ላይ ነበሩ?»

«ቀን ነበርኩ። ሲመሽ ገባሁ። ተስፋ ብቻውን ነው የሚጠብቀው፤ ሰው አጠገቡ አይወድም።»

ዓይናዲስ ወደ አጥሩ ጠቆመች። «ያ የምን ደም ነው፣ አባባ?»

ሽማግሌው ጀለቢያውን ሳያዩ መለሱ። «የከርከሮ ነው። ከትናንት ወዲያ የወደቀውን ከማሳ ስጎትት።»

ያን ጊዜ የቀትር አዛን ተሰማ። ኦቦ ሙሜ ተነሱ፤ ጀለቢያውን ከአጥሩ አውርደው ለበሱ፣ ፊት እጃቸውን ታጥበው ዉዱእ አደረጉ። ሙከሚልም አብሯቸው ሄደ። በሰፈሩ ትንሽ መስጊድ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሰገዱ። ሽማግሌው በግንባራቸው ተደፍተው ሱጁድ ላይ ከሌላው ጊዜ አብዝተው ቆዩ። ሙከሚል ወዳጅ የሞተበት ሰው ነው ብሎ አዘነላቸው።

ማምሻውን ቢሮ ውስጥ ዓይናዲስ የምስክሮቹን ቃል ስትጽፍ ቆይታ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ኢንስፔክተር፣ ይቅርታ አድርግልኝና ስለ ሃይማኖትህ ልጠይቅህ። እንዳላጠፋ ብዬ ፈርቼ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት።»

«ጠይቂ።»

«አንተ ዛሬ ለሱሪህ ጫፍ ስንት ጊዜ ደከምክ። ኦቦ ሙሜ ግን ያንን ጀለቢያ ለብሰው ነው የሰገዱት። ግቢያቸው ውስጥ አፈር የተበጠበጠበት ዕቃ አላየሁም፤ ጀለቢያው ላይም የአፈር ምልክት የለም። በሳሙና ነው የታጠበው፤ ከሩቅ ይሸታል። እሳቸው ላይ ግዴታ አይደለም?»

ሙከሚል የሱሪውን ጫፍ ተመለከተ። ከልጅነቱ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ አላየውም ነበር። ያንን እጅጌ ክንዱ እየነካው ነው የሰገደው። ሙሜ ለፖሊስ ይዋሹ ይሆናል፤ በከርከሮ ደም ቆመው ግን ፈጣሪያቸው ፊት አይቀርቡም።

«የከርከሮ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። «የከርከሮ እንዳልሆነ ደግሞ ያውቃሉ።» እኚያን ሽማግሌ ይወዳቸው ነበር።

ጠዋት መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወይዘሮ ሣህሊቱ ግቢ ደረሱ። ሙከሚል በሩ ላይ ቆመ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ እጁን ሽቦው ላይ አደረገና ተራመደ። ሽቦው ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ አደረሰው። ዓይኑን ሲገልጥ ወይዘሮ ሣህሊቱ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሱ ነበር።

«ፈቃዱን ይነጥቁኛል አለ» አሉ። «ዓይነ ስውር ጠመንጃ አይይዝም ይሉኛል፤ እሱን ከወሰዱብኝ ምን እሆናለሁ አለ። ለማንም እንዳልናገር አስማለኝ። ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ሙሜ ብቻ ነው።»

ኦቦ ሙሜ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ያንኑ ጀለቢያ ለብሰዋል። ሙከሚል ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«አቶ ተስፋዓለም አያዩም ነበር» አላቸው። «ይህን ሁሉ ወቅት ሲተኩሱ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሽማግሌው የጀለቢያቸውን ጫፍ ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ደሙ የከርከሮ ቢሆን ኖሮ ትናንት አጠገቤ አይሰግዱም ነበር።»

ኦቦ ሙሜ እጅጌያቸውን ተመለከቱ። «እሱን አላሰብኩም» አሉ። «ወላሂ፣ አፌ ነው የዋሸው። እጄ የተስፋ ደም መሆኑን ስለሚያውቅ እንደ ሰው ደም አጠበው።»

ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። ዓይናቸው ሲደክም አቶ ተስፋዓለም መተኮስ አስተማሯቸው። ማጉረስና መክፈት ግን ለማንም አይሰጡም፤ በዳሰሳ ራሳቸው ያደርጉት ነበር። ሁልጊዜም የቀኙን አፈሙዝ ብቻ ያጎርሱ ነበር፤ አንድ ጥይት፣ አንድ ከርከሮ። ኦቦ ሙሜ ይተኩሳሉ፣ ጠመንጃውን ይመልሳሉ፣ አቶ ተስፋዓለም ከፍተው ቀለሃውን ያወጣሉ።

«ያን ቀን ግን ሁለቱንም አጉርሶ ኖሯል» አሉ። «ትልቁ ከርከሮ ዘሎ ይመጣበታል ብሎ ፈርቶልኝ መሰለኝ። መቼም ሊነግረኝ ረስቶታል። መታሁት፣ ወደቀ። መጥተን አጠገቡ ቆምን። እየሳቅን ነበር። ‹ወዲህ በል› አለኝ፤ አያይም፣ አፈሙዙን ይዞ ሳበው። ጣቴ ገና ምላጮቹ መሃል ነበር። እኔ ባዶ ነው ብዬ...»

«ከዚያስ?» አለች ዓይናዲስ።

«አቀፍኩት። ቢራቱን ከነባጃጁ ልጥራው አልኩት። እጄን ያዘኝ። ‹በመጀመሪያ ጠመንጃውን› አለኝ። ‹አንተ ዘንድ ካገኙት ያጠፉሃል። የኔንም ነገር ያውቁብኛል። ጤዛ ሳያገኘው አግባው፣ ወልውለው፣ አፈሙዙን ወደ ታች። ከዚያ ና።› በዚያ ጠመንጃ ነገር አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብዬው አላውቅም። ኮቱን አነጠፍኩለት፣ ቁልፉን ፈታሁ፣ ሄድኩ።»

«በባጃጁ በኩል አለፉ?» አለ ሙከሚል።

«በሩ ላይ ቆሟል። ሬዲዮው ይሰማል። ልጁን ልጠራው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ‹በመጀመሪያ ጠመንጃውን› ያለኝ ትዝ አለኝ። ወለወልኩት። እሱ እንዳስተማረኝ፣ ሁለቱንም አፈሙዝ፣ አንድም ሳላጓድል። ስመለስ ቀዝቅዟል። ቁልፉን አሰርኩለት።»

ዓይናዲስ ፊቷን ወደ ማሽላው መለሰች።

«ቢራቱ ሲታሰርስ ዝም አሉ?» አለ ሙከሚል። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ነበር።

«ሲነጋ እነግራለሁ እያልኩ» አሉ ሽማግሌው። «ሬሳ ላይ ቆሜ ምስጢሩን እንደምጠብቅለት ቃል ሰጥቼ ነበር፣ ልጄ። ፈርቼም ነበር።» ሁለት እጃቸውን አቀረቡለት።

ከዞን የመጣው መኪና ባዶውን ተመለሰ። ቢራቱ ቀበቶውንና የጫማውን ማሰሪያ ተረክቦ ጣቢያው በር ላይ ቆመ፤ ምን እንደተፈጠረ ዓይናዲስ በአጭሩ ነግራዋለች። ደስ ያለው አይመስልም። ሙከሚልን እየጠበቀ ነው የቆመው።

«ኢንስፔክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቅ።»

«ያ የሰማሁት ዘንግ። ኦቦ ሙሜ ሲወለውሉ ማለት ነው። ባጃጄ እኮ በር ላይ ነበር፤ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም። ተኳርፈን ነው እንጂ ወጥቼ ባይ ኖሮ...» ወደ ሙከሚል ቀና አለ። «ያን ሰዓት ጋሼ በሕይወት ነበር?»

ሙከሚል የሐኪሙን ድምፅ አስታወሰ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰዎችን እውነቱን ንገሩኝ ሲል የኖረ ሰው ነው።

«አልነበሩም» አለው። «እንደተመቱ ወዲያው ነው ያለፉት።»

ዓይናዲስ የሐኪሙ ወረቀት ያለበትን አቃፊ ደረቷ ላይ አስጠጋች።

ቢራቱ እሷን አየ፣ አቃፊውን አየ፣ አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። መንገዱ ማዶ የቆመ ባጃጅ ነጂ ጓደኛው ጥሩምባ ነፍቶ ጠራው፤ ና ላድርስህ ብሎ መጋረጃውን ገለጠለት። ቢራቱ እጁን አወዛውዞ ሸኘውና ዳገቱን በእግሩ ወጣው።